እርጥብ ታንኳ

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ነበረ። ልጄ፣ ወንድምሽ በብስክሌት ሆኖ የጭነት መኪና ኋላ እየያዘ ቁልቁለቱን ሲወርድ ማን አስገደደው፣ ለምን ሞተ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አርባውን ካወጣሽ ወዲህ ስትጠይቂኝ ይህ ሦስተኛሽ ነው። ይህን ቀዛፊ አውቀው ነበርና ስለ እሱ ልንገርሽ።

ቀዛፊው ከሐይቁ ማዶ እንጨት ጭኖ ወደ ገበያ ያመላልስ ነበር። ከደንገል ሣር የታሰረ ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ከጉዞ ሲመለሱ ዛፍ ላይ አስደግፈው ያቆሙታል፤ ተንጠፍጥፎ እስኪደርቅም አይነኩትም። ይህን በሐይቁ ዳር የማያውቅ የለም። ሰውየው ድሃና ዝምተኛ ነበር። ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀዳ እሱን ይዘሉታል። በክፋት አይደለም፣ መኖሩን ረስተውት ነው።

አንድ የገበያ ቀን መሃል ሐይቅ ላይ ሳለ ነፋስ ተነሣ። ገበያተኛው ዳር ወጥቶ እሪ አለ። ቀዛፊው እንደ ምንም ተርፎ ሲወጣ በትከሻቸው ተሸከሙት። አንድ ባለጸጋ ጋቢውን አውልቆ አለበሰውና «ስምህ ማነው?» አለው። አርባ ዓመት እዚያው ሲኖር ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ሲጎርፍለት ሰነበተ። ከዚያ ረሱት፤ እሱ ግን አልረሳም። ነፋስ ሲነሣ ሌሎቹ ታንኳቸውን ወደ ዳር ሲጎትቱ እሱ የራሱን ወደ ውኃው ይገፋ ጀመር፤ ገበያተኛውም ሊያየው ይወጣል።

አንድ ቀን ጠዋት ተሻግሮ መጥቶ ታንኳውን ፀሐይ ላይ አቁሞት ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ፤ ገበያተኛውም ዳር ወጣ። ሰውየው ታንኳውን አወረደው። ሚስቱ ጫፉን ይዛ «ኧረ በማርያም! ገና እየተንጠባጠበ ነው፤ አታይም እንዴ?» አለችው።

«አያለሁ። ሰዎቹ ግን ወጥተዋል» አላት። ጣቶቿን ቀስ አድርጎ ከደንገሉ አላቀቀና ገባ።

ውኃ የጠገበው ታንኳ ማዕበሉ ሲመታው ከሥሩ ይሰጥም ጀመር። ውኃው ወገቡ ጋ ሲደርስ እጁን አወዛወዘ። አዲስ ጨዋታ ያመጣ መሰለንና አጨበጨብን። አዎ፣ እኔም ነበርኩ፤ መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ማጨብጨቡን ያቆምነው የሚስቱን ጩኸት ስንሰማ ነው። ያን ጊዜ ውኃው ላይ ማንም አልነበረም። በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ቀዛፊ እርጥብ ታንኳ ጎትቶ ገባ። እኛም ልናይ ወጣን።

ልጄ፣ ወንድምሽ ያ ቀዛፊ ነው። ሞትን ንቆት አይደለም፤ እንደ ማንኛችንም ይፈራ ነበር። ነገር ግን ቀና ብለን የምናየው ቁልቁለቱን ሲወርድ ብቻ ነበር። ሌላ ጊዜ በአጠገባችን ሲያልፍ ማን አየው? አንቺን መውቀሴ አይደለም። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ስሙ ትዝ ያለኝ ግን ለፍትሐት ሲጠራ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል ትይኝ ይሆናል። ዛሬ ወደ እኔ ስትመጪ ቁልቁለቱ ዳር የተሰበሰቡትን ሰዎች አይተሻል። ማንን እንደሚጠብቁ ጠየቅሻቸው? እኔም ጠዋት በዚያው አልፌያለሁ፤ አልጠየቅኳቸውም።