የአንበሳው ኩሬና ሁለቱ መስኮቶች

አንድ ጊዜ፣ በረሃው ከቀይ ባሕር ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ፣ ጉልበቱ የከዳው አንድ አንበሳ በገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ይነግሥ ነበር። በጉብዝናው ወራት በየማለዳው ከገደሉ አፋፍ ላይ ተኝቶ፣ በጠራው ውኃ ሥር ያለውን የኮራል ደን ቁልቁል ይመለከት ነበር። ኮራል ላላወቀው ድንጋይ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚመገብ፣ የሚያድግ፣ የሚሞትም ፍጥረት ነው። አንበሳው ካረጀ በኋላ ገደሉን መውጣት ስለተሳነው፣ ባሕሩን የሚያየው በእንቅልፉ ብቻ ሆነ። በሕልሙ ውኃው እንደ ለማዳ መንጋ ቀስ እያለ ወደ ዋሻው ይገባል፤ አረንጓዴና ሐምራዊ ኮራል በጋማው መካከል ይበቅላል፤ ትናንሽ ዓሦችም በጆሮዎቹ አጠገብ ያለ ድምፅ ያልፋሉ። ሲነቃ በፊቱ የሚያገኘው ግን ባዶ ዓለት ነበር።

ከዕለታት በአንዱ ቀን አንበሳው ያ ደን ወደ ዋሻው እንዲመጣለት አዘዘ። የባሕር ኤሊ ከሃያ ክንድ ጥልቀት አሥራ ሁለት የኮራል ቅርንጫፎችን ይዛ ወጣች። እመት አህይትም በባሕር ውኃ በተሞላ ስልቻ ተሸክማ ወደ ዋሻው አጓጓዘቻቸው፤ በወለሉ ላይ ባለው ሰፊ ኩሬ ውስጥም አኖረቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩሬውን መጠበቅ የእርሷ ሥራ ሆነ።

ዋሻው ሁለት መስኮቶች ነበሩት። አንደኛው በጣሪያው ላይ ያለ ሰፊ ቀዳዳ ሲሆን፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖ ይኖራል። ሁለተኛው በኩሬው ግርጌ ወደ ባሕሩ የሚወጣ ስንጥቅ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የወደቁ ድንጋዮች ደፍነውታል። በእርሱ በኩል የሚገባው ብርሃን ውኃውን አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ከአንድ ጭላንጭል አይበልጥም። ኤሊዋ ወደ ባሕሯ ከመመለሷ በፊት ለእመት አህይት አንድ ምክር ሰጥታ ነበር። ብርሃን ለኮራል ምግብ እንደ ሆነ፣ በጨለማ ተጉዞ የመጣም ኮራል እንደ ተራበ እንደሚቆጠር፣ የተራበ ደግሞ በአንድ ጊዜ እንደማይጠግብ ነገረቻት። ስለዚህ እመት አህይት በየሁለት ቀኑ ከስንጥቁ አንድ ድንጋይ ብቻ በጥርሷ ነክሳ ታነሣ ነበር።

ነገር ግን ኮራሎቹ በጉዞው ደብዝዘው ቡናማ ሆነው ነበርና አንበሳው ባያቸው ቁጥር ፊቱ ጠቆረ። አንድ ቀን መኳንንቱን ሁሉ ሰበሰበና «በሕልሜ ያየሁት ይህን አይደለም። ይህ የግመል ጠጉር ነው» አለ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዝሆንን የመሳሰሉ የጎረቤት አገር ታላላቆች ለግብር ማዕድ ስለሚመጡ፣ በእንግዶቹ ፊት ማፈር እንደማይፈልግ አስታወቀ።

ያን ጊዜ ቀበሮ እጅ ነሥቶ ወደ ፊት ቀረበ። የጣሪያው ቀዳዳ ቢከፈት፣ በኩሬውም ዙሪያ ከጨው ሜዳ የተቆረጡ ነጫጭ የአሞሌ ጠፍጣፎች ቢቆሙ፣ የቀትሩ ፀሐይ እጥፍ ሆኖ እንደሚወርድና ኮራሎቹ በሦስት ቀን በቀለም እንደሚነድዱ አስረዳ። ከዚያም «ንጉሥ ሆይ፣ ፀሐይን በድንጋይ ቆጥሮ ማከፋፈል የአህያ እንጂ የንጉሥ ሥርዓት አይደለም» ሲል ደመደመ።

እመት አህይት ጆሮዎቿን አቁማ «ጌታዬ፣ እነዚህ ከሃያ ክንድ ውኃ በታች ያደጉ ናቸው። የበረሃውን ፀሐይ አያውቁትም፤ እርሱም አይምራቸውም» አለች።

«አህያ ስለ ቀለም መምከር የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ ቀበሮ። «የራሷን መልክ ያየ አመድ ላይ ተንከባልላ የመጣች ይመስለዋል።»

መኳንንቱ ሳቁ። አንበሳው ግን አልሳቀም፤ ፍርድ ሰጠ። አሥራ አንዱ ቅርንጫፍ ለቀበሮ፣ አንዱ ለእመት አህይት እንዲሆን ወሰነ፤ የእርሷ ድርሻም ከዓለት ጥላ ሥር፣ በስንጥቁ አጠገብ እንዲቀመጥ ፈቀደ። በግብሩ ቀን ንጉሡን ያሳፈረ ወገን ለጅብ እንደሚሰጥ በአዋጅ ተነገረ። አያ ጅቦ አዋጁን ሁለት ጊዜ ካስደገመ በኋላ ገባው፤ ሲገባውም ምራቁን ዋጠ። እመት አህይት እንዳትጠፋም ጠባቂ ሆኖ ተመደበ።

ጣሪያው ተከፈተ። ነጩ ብርሃን እንደ ፏፏቴ ወረደ፤ ከአሞሌው ላይ እየነጠረም ኩሬውን ሞላው። በሦስተኛው ቀን ቀበሮ የተናገረው ሁሉ የተፈጸመ መሰለ። ቡናማው ለቀቀና ሮዝ፣ ወይን ጠጅ፣ ሎሚ የሚመስል ቢጫ ቀለም ከኮራሎቹ ውስጥ ፈነጠቀ፤ የውኃው ጥላ በግድግዳው ላይ በቀለም ተነክሮ ይዋኝ ጀመር። አንበሳው ቀኑን ሙሉ ከኩሬው ዳር ሳይነሣ፣ ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ሳይታወቅበት ዋለ። ከዓለቱ ጥላ ሥር ያለው የእመት አህይት ቅርንጫፍ ግን እንደ ቡናማነቱ ነበር።

በዚያ ቀን ጅብ ወደ እርሷ ጠጋ ብሎ «እመት አህይት፣ ዛሬ በደንብ በላሽ? እንዳትከሺ አደራ» አላት።

«አያ ጅቦ፣ ለእኔ ስትጨነቅ ከእናቴ ትበልጣለህ።»

«ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር ሊከሳ አይገባውም» አለ፤ ከምሩ ነበር። ቀጥሎም የቀበሮው ኩሬ ይህን ያህል አምሮ ሳለ ለምን ሐዘን እንደተጫናት ጠየቃት።

«ትኩሳት የያዘው ሰው ፊቱ ይቀላል» አለች እመት አህይት። «ያን ቅላት ደም ግባት የሚለው በሽተኛውን ይቀብራል።»

ጅብ ይህ ነገር የሚበላ አለመሆኑን ከተረዳ በኋላ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። በሩ ክፍት ነበር፤ ወደ ሸለቆው የሚወስደው መንገድም ከፊቷ ተዘርግቷል። እመት አህይት እስከ ደጃፉ ሄደች። ንጹሕ ነፋስ አፍንጫዋን ነካው። ነገር ግን ቀኑ ድንጋይ የሚነሣበት ቀን ነበር። ካላነሣችው ያ አንዱ ቅርንጫፍ እንደ ተራበ ይሰነብታል፤ ከሄደችም ከዚያ በኋላ የሚያነሣለት የለም። ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያም ተመልሳ አንገቷን ወደ ውኃው አጎነበሰች፤ ድንጋዩንም ነክሳ አወጣች።

በአምስተኛው ቀን የቀበሮው ሮዝ ሳሳ። በሰባተኛው ቀን ቢጫው ጠፋ። የግብሩ ቀን ሲደርስ አሥራ አንዱም ቅርንጫፎች ከጫፍ እስከ ሥር ነጭ ሆነው ነበር።

ቀበሮ ግን አልደነገጠም። በእንግዶቹ ፊት ቆሞ፣ ቀለም ሁሉ ሲጠራ ፍጻሜው ነጭ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ንጣትም ለነገሥታት ብቻ እንደሚገለጥ በረጅሙ አብራራ። እንግዶቹ ለማመንም ለመካድም ስለፈሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአንበሳው ዓይን ደክሞ ነበርና፣ ከነጩ ብርሃን በታች ነጩን ነገር እያየ «እንዲህ ከሆነ ይሁን» አለ። ወዲያውም ፊቱን ወደ ጥላው አዞረ፤ በዚያ ያለው ቅርንጫፍ ከብርሃኑ ብዛት የተነሣ ጠቁሮ ታየው። ጅብ እመት አህይትን እንዲወስዳት በምልክት አዘዘ።

እመት አህይት ዓይኗን ጨፈነች። ጅብ ተነሣ፤ ወደ እርሷም ለመድረስ በኩሬው ዳር አለፈ። በዚያም በግማሽ መንገድ ቆመ። አሥራ አንድ ነጫጭ ነገሮች በውኃው ውስጥ ተዘርግተው ይጠብቁታል። እንኳን ዘጠኝ ቀን የተራበ፣ የጠገበ ጅብ እንዲህ ያለውን አይቶ አያልፍም። አንገቱን ሰድዶ አንዱን ሰበረ፤ ዋሻውም በቅርጭታ ተሞላ። ከዚያም አንድ የተሰበረ ጥርስ ተፋ።

አንበሳው አገሳ። ጅብ በሆዱ ተኝቶ «ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፣ አጥንት መሰለኝ» አለ።

ቀበሮ ጣልቃ ገብቶ ሕያው የሆነውን የንጉሥ ሀብት የሰበረ ደንቆሮ ይገረፍ ሲል ጠየቀ።

«ሕያው?» አለ ጅብ፣ ከልቡ ተገርሞ። «ቀበሮ፣ እኔ ብዙ ነገር አላውቅም። የሞተን ነገር ግን አውቃለሁ። ይህ ከሞተ ሦስት ቀን ሆኖታል።»

ዝሆን ኩምቢውን ወደ ኩሬው ዝቅ አደረገ፤ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

ያን ጊዜ እመት አህይት ድምፅዋን ሳታነሣ የጣሪያው ቀዳዳ እንዲዘጋ ለመነች። አንበሳውም ፈቀደ፤ ዝሆን ጠፍጣፋውን ድንጋይ ስቦ ከደነው። ዋሻው ጨለመ። በጨለማው ውስጥ የሚያመልጥ እግር ኮቴ ተሰማ፤ ቀበሮ ነበር። ጅብም አዋጁ ትዝ ብሎት፣ ጥርሱን እያመመው ተከትሎት ሮጠ። የቀሩት ግን ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸው ጨለማውን እየለመደ ሲሄድ፣ ከአዋጁ ወዲህ አምስት ድንጋይ ከተነሣለት ስንጥቅ ሰማያዊው ብርሃን እንደ እስትንፋስ እየሰፋና እየጠበበ ሲገባ አዩ። ከዓለቱ ሥርም የእጅ መዳፍ የምታህል አንዲት ቅርንጫፍ ነበረች፤ ግንዷ ሐምራዊ፣ ጫፎቿ አረንጓዴ ሆነው በዝግታ ያበራሉ። ብርሃኑ ከውጭ የመጣባት ሳይሆን ከውስጧ የሚወጣ ይመስል ነበር። አንበሳው አገጩን በኩሬው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። እንግዶቹም አንድ በአንድ፣ እንቅልፍ ከወሰደው ሰው ቤት እንደሚወጣ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወጡ።

በማግሥቱ አንበሳው አሥራ አንድ ሌሎች ቅርንጫፎች እንድታመጣለት ወደ ኤሊዋ ላከ። ኤሊዋ የሞቱት ቅርንጫፎች የበቀሉት የአንበሳው አባት ሳይወለድ እንደ ነበር አስታውሳ፣ ሌላ እንደማታመጣ መለሰች።

አንበሳው ከአንዲቱ ቅርንጫፍ አጠገብ ሰነበተ። በመጨረሻም እመት አህይትን ጠርቶ «ይህች አንዲቱ አሥራ ሁለት እስክትሆን ስንት ዘመን ይፈጃል?» ሲል ጠየቃት።

«እርስዎም እኔም አናየውም ጌታዬ።»

ውኃው በስንጥቁ በኩል ገባ፤ ተመለሰም።

«የዛሬው ድንጋይ ተነሥቷል?» አለ አንበሳው።

«ገና ነው።»

«እንግዲያውስ ሂጂ፤ አንሺው።»

ከዚህ የምንማረው፣ አንድን ነገር ለዓይናችን ለማሳመር ከመቸኮላችን በፊት በምን እንደሚኖር መርምረን ማወቅና በልኩ መስጠት እንደሚገባን ነው።