ወረቀት የሌላት እንቁላል

ተረቴ ቆጥ ላይ ወጥቷል፤ ላውርደው፣ እናንተም ክንፉን ያዙልኝ።

ቁር አምባ በምትባል ደጋ ከተማ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያለብስበት ወር፣ ትጓደድ የምትባል ሴት ነበረች። በዚያ ዓመት ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ፣ አውራ ዶሮ የሚባል በከተማው አንድም አላስቀረም። ከትጓደድ ቤት የተረፈችው አንዲት ገብስማ ዶሮ ብቻ ነበረች። እርሷም ቅርጫት ውስጥ፣ ገለባዋ ላይ ተቀምጣ ታቀፈች። ምን ታቀፈች? ምንም። ብትጥልም አውራ በሌለበት የተጣለ እንቁላል አይፈለፈልም። ስለዚህ ትጓደድ ቆላ ካለ የዶሮ እርባታ አንድ ደርዘን የሚፈለፈል እንቁላል በፖስታ አዘዘች። ገብስማዋ ባዶ ገለባ ታቅፋ ዘጠኝ ቀን ሆናት። ሁለት ቀን ብትጨምር ተስፋ ቆርጣ ትነሣለች፤ ተስፋ ቆርጣ የተነሣች ታቃፊ ደግሞ በልመና አትመለስም። ያኔ የትጓደድ ቤት ብቻ ሳይሆን ከተማው ሁሉ ያለ አውራ ዶሮ ይቀራል።

እንቁላሉ ግን መጣ። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ልሳኑ ካርቶኑን ለፍተሻ ከፈተ፣ ቈጠረ፣ እንደገና ቈጠረ፣ መልሶም በሲባጎ አሰረው።

«እትዬ ትጓደድ፣ ወረቀቱ ዐሥራ ሁለት ይላል፤ ውስጡ ያለው ዐሥራ ሦስት ነው። አንዷ እንቁላል ወረቀት የላትም።»

«ምርቃት ናት፣ ልጄ። ደግ ሻጭ ደርዘን ሸጦ አንድ ይመርቃል። ደግሞስ ዶሮ በጎዶሎ ቍጥር እንጂ በጥንድ ስትታቀፍ የት አይተሃል?»

«መዝገባችን ላይ ምርቃት የሚል ዓምድ የለም። አንዷን ላውጣትና ዐሥራ ሁለቱን ይውሰዱ።»

«አንተስ ከእናትህ ማሕፀን ወረቀት ይዘህ ነው የወጣኸው? አንዷንም አልተውልህም!»

«እንግዲያው የኃላፊዋ ማኅተም ካላረፈበት ካርቶኑን አልፈታም።»

ትጓደድ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ኃላፊዋ ብርነሽ ጋቢ ተከናንባ፣ ማኅተሟን በትንፋሿ ታሞቃለች።

«ብርነሽ፣ ማኅተም ምቺ፤ ልሳኑ ካርቶን አይፈታም፤ ዶሮዬም ባዶ ገለባ ታቅፋለች።»

«እትዬ፣ የሚፈለፈል እንቁላል ሕይወት ያለው ነገር ነው። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ፣ ቈጥሮ፣ ካልፈረመ አልመታም።»

«እስኪመጣ በብርዱ ቢሞትስ?»

«ቢሞትማ ጉዳዩ ይቀላል፤ ሐኪም አያሻውም።»

«የአንቺ ጉዳይ ይቅለል እንጂ!» አለችና ትጓደድ መቀነቷን አጥብቃ ዳገቱን ቍልቍል ወረደች። ሐኪሙ ዶክተር ሀብተየስ ከክሊኒኩ ደጃፍ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል።

«ዶክተር፣ ይውጡና ይቍጠሩ፤ ብርነሽ ማኅተም አትመታም፤ ልሳኑ ካርቶን አይፈታም፤ ዶሮዬም ባዶ ገለባ ታቅፋለች።»

«በዚህ ጉልበት? ይህን ዳገት በእግሬ የምወጣ ፍየል መሰልኩዎት? ሞተሬ ካልተነሣ አልወጣም።»

ሞተር ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ፣ ውርጭ ለብሶ ቆሟል። ትጓደድ ኮርቻውን በጥፊ መታችው።

«አንተ ሞተር፣ ተነሣ፤ ዶክተሩ ዳገት አይወጣም፤ ብርነሽ ማኅተም አትመታም፤ ልሳኑ ካርቶን አይፈታም፤ ዶሮዬም ባዶ ገለባ ታቅፋለች።»

ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለው፤ «መርዕድ መፍቻውን ካላነሣ አልነሣም» አለ።

መርዕድ የጋራዡ ባለቤት ነው። ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ፣ አንዲት ምድጃ ላይ አፍጥጦ አገኘችው።

«መርዕድ፣ መፍቻህን አንሣ፤ ሞተሩ አይነሣም፤ ዶክተሩ ዳገት አይወጣም፤ ብርነሽ ማኅተም አትመታም፤ ልሳኑ ካርቶን አይፈታም፤ ዶሮዬም ባዶ ገለባ ታቅፋለች።»

«እትዬ ሙች፣ ጣቶቼ የእኔ አይደሉም። መፍቻ ብይዝ የማጠብቀው ብሎኑን ይሁን አፍንጫዬን አላውቅም። ይህ ከሰል ካልተያያዘ መፍቻ አላነሣም።»

ትጓደድ ምድጃው ላይ ጎንበስ አለች።

«ከሰል፣ ተያያዝ፤ መርዕድ መፍቻ አያነሣም፤ ሞተሩ አይነሣም፤ ዶክተሩ ዳገት አይወጣም፤ ብርነሽ ማኅተም አትመታም፤ ልሳኑ ካርቶን አይፈታም፤ ዶሮዬም ባዶ ገለባ ታቅፋለች።»

ከሰሉ በጭሱ መለሰላት፦ «ሦስት ቀን ሙሉ ጉም ስጠጣ ከረምኩ። ደረቅ ገለባ ካልቀመስኩ አልያያዝም።»

ደረቅ ገለባ! ከጣራው ብትመዝ እርጥብ ነው፤ ከክምሩ ብትመዝ በውርጭ ተጣብቋል፤ ከጎረቤት ብትጠይቅ «እኛም እሱን አጥተን ነው» አሏት። በቁር አምባ ደረቅ ገለባ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በእርሱም ላይ ሆዷ የሚፋጅ ዶሮ ዘጠኝ ቀን ተቀምጣበታለች።

ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ቅርጫቱ አጠገብ ተንበረከከች።

«ገብስማዬ፣ ከገለባው ተነሺ፤ ከሰሉ አይያያዝም፤ መርዕድ መፍቻ አያነሣም፤ ሞተሩ አይነሣም፤ ዶክተሩ ዳገት አይወጣም፤ ብርነሽ ማኅተም አትመታም፤ ልሳኑ ካርቶን አይፈታም፤ አንቺም ባዶ ገለባ ታቅፈሻል።»

ዶሮዋ ላባዋን ነፋች፣ የትጓደድን አውራ ጣት ጠቅ አደረገች። «እንቁላሌ ካልመጣ አልነሣም!»

ትጓደድ ጣቷን እየጠባች አሰበች። ከማለዳ ጀምሮ እምቢ ያላላት የለም። የሌሎቹ እምቢታ ግን ከሥራቸው መሸሻ ነው፤ የዚህች እምቢታ ሥራዋን አለመተው ነው። በከተማው ውስጥ ተገቢ እምቢታ ያላት እርሷ ብቻ ከሆነች፣ ማን ወደ ማን መሄድ አለበት?

ቅርጫቱን ከነዶሮው፣ ከነገለባው አነሣችና ጉሙን እየሰነጠቀች ፖስታ ቤት ገባች። ባንኮኒው ላይ፣ ከካርቶኑ ጎን አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ልሳኑ።

«ተቀባይዋ ናት። ራሷ መጥታለች።»

ገብስማዋ ካርቶኑን በአንድ ዓይኗ አየችው፤ አንገቷን አዙራ በሌላው ዓይኗ አየችው። ማንንም ሳታስፈቅድ ከገለባዋ ተነሣች፣ ካርቶኑ ላይ ወጣች፣ ክንፏን ዘርግታ በክዳኑ ላይ ተቀመጠችበት። ልሳኑ እጁን ሰደደ፤ ነከሰችው።

«የመንግሥት ባንኮኒ ላይ ነው ያለችው! ያንሷት!»

«እምቢ! ሁሉም እምቢ ባለበት ቀን የእኔ ምን ይገርምሃል? ወንድ ከሆንክ አንተ አንሣት።»

ይህን ብላ፣ የተለቀቀውን ገለባ ግማሹን አቅፋ ሮጠች። ገለባው ለከሰሉ ደረሰ፤ ከሰሉ ተያያዘ፤ መርዕድ መፍቻ አነሣ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ዶክተሩ ዳገቱን ወጣ፤ ከዶሮዋ ጋር ታግሎ የካርቶኑን ክዳን በጠርዙ ገለጥ አድርጎ ቈጠረ፣ «ዐሥራ ሦስት፣ ሁሉም ደኅና» ብሎ ፈረመ፤ ብርነሽ ማኅተሟን መታች፤ ልሳኑ ሲባጎውን ፈታ፤ ዐሥራ ሦስቱ እንቁላሎች በቀረው ገለባ ላይ ተደረደሩ፤ ገብስማዋም ባዶ ሳይሆን ሙሉ ታቀፈች።

«በሉ እንግዲህ፣ ይውሰዷት» አለ ልሳኑ የተነከሰ እጁን እያሻሸ።

«ማን ይንካት?» አለ ዶክተሩ። «አሁን ከተናወጠች እንቁላሉን ጥላ ትነሣለች። ሃያ አንድ ቀን ከዚህ አትነቃነቅም።»

«ባንኮኒዬ ላይ?»

«ወረቀት ካስፈለገህ ይጻፍልህ» አለች ትጓደድ፤ «ብርነሽም ማኅተም ትመታበታለች።»

እነሆ ለሃያ አንድ ቀን ደብዳቤው ሁሉ በቅርጫቱ ዙሪያ አለፈ። ብርነሽ ማኅተሟን ከመምታት ይልቅ በቀስታ ታሳርፈው ጀመር። ባለጉዳይ ድምፁን ከፍ ያደረገ እንደሆነ ደግሞ፣ ልሳኑ ከወንበሩ ብድግ ይልና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በቍጣ ያንሾካሹካል፦

«ቀስ! ሥራ ላይ ነን!»

ተረቴን እኔ ታቅፌ አሞቅሁት፤ መፈልፈሉ የእናንተ ነው።