ስለ ሚስቱ የሚመልሰው ጠበቃ

አንድ በነገር አዋቂነቱ አገር የመሰከረለት ጠበቃ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። በሚኖርባት ትንሽ ከተማ መሬቱን የተቀማ፣ ከወንድሙ የተካሰሰ፣ ድንበሩ የተገፋበት ሁሉ የሱን ደጅ ይጠና ነበር። የችሎታው ምሥጢር አፉ ብቻ አልነበረም። ባለጉዳይ ሲመጣ እልፍኝ አስገብቶ ያስቀምጠውና ነገሩን ከሥሩ ያስነግረዋል። ሲጨርስ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንደገና ያስነግረዋል። በመካከል አያቋርጠውም። ሰውየው ጋቢውን አስተካክሎ ለመሄድ ሲነሣ፣ "በልብህ የቀረ ነገር የለም?" ይለዋል። ሰው ትልቁን ነገር የሚያወጣው በሩ ላይ ሲደርስ እንደሆነ ከልምዱ ያውቃልና። የባለጉዳዩን ቃል ሳይሰሙ ዳኛ ፊት መቆም ለይርዳው ነውር ነበር።

ይህ ሰው ትርንጎ የምትባል ሴት በተክሊል አገባ። በሠርጋቸው ዕለት የነፍስ አባታቸው መምሬ እንግዳ ረዘም ያለ ትምህርት ሰጡ። ባል የሚስቱ ራስ መሆኑን ተናገሩ። ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደዳትና ራሱን ስለ እሷ አሳልፎ እንደሰጠ፣ ባልም ሚስቱን እንደዚያው መውደድ እንዳለበት አስተማሩ። ሚስትም ባሏን እንድታከብርና ረዳቱ እንድትሆን መከሩ። ይርዳው ግን ጠበቃ ነው። ከሕጉ መካከል የሚጠቅመውን አንቀጽ መዝዞ የቀረውን እንዳላየ ማለፍ ያውቅበታል። ከዚያ ሁሉ ትምህርት "ራስ" የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ሙሽሪትን ወደ ቤቱ አስገባ።

ክፉ ባል ነበር ማለት ግፍ ነው። እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ጓዳዋ አይጎድልም፣ ዓመት በዓል ሲመጣ አዲስ ቀሚስ አይቀርባትም። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ ስለ እሷ ይመልስ ነበር። እንግዳ፣ "ትርንጎ፣ እንዴት ነሽ?" ሲላት፣ "ደህና ናት" የሚለው እሱ ነው። ዘመድ ክርስትና ሲጠራት፣ "መንገድ አይስማማትም" ብሎ የሚመልሰው እሱ ነው። ልጅ አልወለዱም ነበርና አንዳንዱ ሰው በአሽሙር ሲነካካት ደግሞ፣ እሷ በእግዚአብሔር ፈቃድ ደስ ብሏት እንደምትኖር ተናግሮ አፍ ያስይዛል። ደስ ብሏት እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። መምሬ እንግዳ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው፣ "ልጄ፣ የከበደሽ ነገር አለ?" ሲሏት እንኳ፣ ትርንጎን ምንም እንደማይከብዳት ያስረዳቸው እሱ ነበር። መምሬም መስቀላቸውን አሳልመዋት ይሄዳሉ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትርንጎ ትሞክር ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ከወጡ በኋላ፣ "እኔን እኮ ነው የጠየቁኝ" አለችው።

"ታዲያ አንቺና እኔ ምን ለየን? አንድ ሥጋ አይደለንም? ራስ ይናገራል፣ አካል ያርፋል" አላት እየሳቀ።

"እኔ የምለውን ብትልልኝ እኮ ምንም አልነበረ" አለችና ሰሃኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ይርዳው ይህችን ቃል ዳኛ ፊት ቢሰማት ኖሮ ወዲያው ይይዛት ነበር። ቤቱ ውስጥ ስለሰማት ግን አመለጠችው።

ትርንጎም ቀስ በቀስ ነገሯን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ዝምታ ይለመዳል፤ ከተለመደ በኋላ ደግሞ ባሕርይ ይመስላል። የከተማው ሰው የይርዳው ሚስት ጭምት ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም እያለ ለሴት ልጆቹ አርአያ አደረጋት። ይርዳውም ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋ ነበር። ሰው በቁሙ ሲቀበር እያዩ ማመስገን እንግዲህ የኛ የቆየ አመላችን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይርዳው እልፍኙ ተቀምጦ የአንድ ትልቅ የርስት ክርክር ጽሑፍ ያገላብጥ ነበር። ትርንጎ መጥታ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆመች። እጇን በነጠላዋ ሥር ጡቷ ላይ አድርጋ ነበር።

"አንድ ነገር ልነግርህ ነበር" አለችው።

"አውቃለሁ" አላት ቀና ሳይል። "ሥራው በዝቶብሻል። ፋሲካ ይለፍና የምታግዝሽ ሠራተኛ እቀጥርልሻለሁ።"

"እሺ" አለች ትርንጎ። ግን ወዲያው አልሄደችም፤ እዚያው በሩ ላይ ቆየች። በር ላይ የሚዘገይ ሰው በልቡ ምን እንደያዘ ከይርዳው የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ከተማ አልነበረም። ባለጉዳይ ብትሆን ኖሮ ተነሥቶ መልሶ ያስቀምጣት ነበር። ሚስቱ ስለሆነች ግን ገጹን ገለጠ። ትንሽ ቆይቶ ኮቴዋ ወደ ጓዳ ሲርቅ ሰማ።

ከዚያ በኋላ ትርንጎ እየከሳች ሄደች። ጎረቤት ሲጠይቅ ይርዳው ጾም አጥብቃ እንጂ ምንም እንዳልሆነች ይናገራል። ጾሙ ተፈትቶም መክሳቷ አልቆም ሲል መልሱን ለወጠና ጨጓራዋ ነው አለ። ይህንንም ደጋግሞ ከመናገሩ የተነሣ እሱም አመነው። መምሬ እንግዳ ፊቷ መጥቆሩን አይተው፣ "ልጄ፣ ምን ሆነሻል?" ቢሏት የጨጓራውን ነገር የተረከላቸው እሱ ነው። ወደ ጤና ጣቢያም ራሱ ወሰዳት። ባለሙያው፣ "የት ላይ ነው የሚያምሽ?" ብሎ ሲጠይቃት፣ "ሆዷን ነው" አለ ይርዳው። ትርንጎ ባለሙያውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። የሆድ መድኃኒት ሰጧት። ታዛዥ ሴት ናትና አንዱን ሳታጓድል ዋጠችው።

ብዙ ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ትርንጎ ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። ይርዳው ደንግጦ መኪና ተከራየና ትልቁ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ይዟት ሄደ። እዚያ የተቀበለቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ትርንጎን ገና ምን እንደሚሰማት ስትጠይቃት ይርዳው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ሐኪሟ አላስጨረሰችውም። ውጭ እንዲጠብቅ በትሕትና ነገረችውና በሩን ዘጋችው።

ይርዳው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ከበሩ ወዲያ የሴት ድምፅ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ የሐኪሟ መሰለው። ቆይቶ ግን የትርንጎ መሆኑን ለየ። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን ሳያቋርጥ ይመጣል። አንዳንዴ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴ ይቆምና እንደገና ይቀጥላል። ይርዳው ሚስቱ ይህን ያህል ስትናገር የሰማበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረ፤ አንድም አላገኘም። እዚያው አግዳሚው ላይ ፍርሃት ያዘው። የፈራው በሽታዋን ብቻ አልነበረም፤ ውስጥ የምትናገረውን ሴት አለማወቁንም ነበር።

ሐኪሟ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። በሽታው ከጡቷ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሰውነቷ መግባቱን፣ ከያዛትም ብዙ ጊዜ መቆየቱን፣ አሁን ሕመሟን ከማስታገስ በቀር የሚቻል ነገር አለመኖሩን ነገረችው። እብጠቱ ትንሽ ሳለ መጥታ ቢሆን ኖሮ ግን ተስፋ ነበረው አለችው።

"ትርንጎ ዝምተኛ ናት" አለ ይርዳው። 

"ለእኔ ዝም አላለችም፣ አባቴ" አለችው ሐኪሟ። "ልነግረው ሄጄ ነበር፣ ሥራ ይዞ ነበር አለችኝ።"

ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይርዳው ክርክሮቹን ሁሉ ትቶ ከአልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ለስንቱ ባለጉዳይ የዘረጋውን ጆሮ ለሚስቱ ሊዘረጋ ተዘጋጀ። በመጨረሻም ያችኑ የሚያውቃትን ጥያቄ ጠየቃት፤ "ትርንጎ፣ በልብሽ የቀረ ነገር የለም?"

ትርንጎ ረጅም ጊዜ አየችው። "አንተው ተናገርልኝ" አለችው። "እኔ አሁን ደክሞኛል።" ቂም አልነበረባትም። ቂም ቢሆን ኖሮ ይርዳው ይለምናት፣ እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር። የነበረው ድካም ብቻ ነው፤ ለድካም ደግሞ ይቅርታ አይጠየቅም። ከዚያ ቀን በኋላ አንደበቷ ተያዘ፤ ሳምንት ሳይሞላ አረፈች።

በቀብሯ ጠዋት ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ መምሬ እንግዳ እንደ ሥርዓቱ ኑዛዜዋን ጠየቁ። ሥጋዋ በዚህ ደብር ይረፍ አለች ወይስ በአባቷ አገር? ልብሷን ለማን ስጡልኝ አለች? የተቀየመችው፣ ይቅር በሉኝ የምትለው ሰው ነበር ወይ? ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ይርዳው ዞረ። ያ ሰው ስለ ትርንጎ ተጠይቆ መልስ አጥቶ አያውቅምና።

"አላውቅም" አለ ይርዳው።

መምሬ ያልሰሙት መስሏቸው ደግመው ጠየቁት። እሱም ደግሞ "አላውቅም" አለ። የምትወደውን የሚያውቅ ስላልተገኘ ቅርብ በሆነው ደብር ቀበሯት። ልብሷም ለደረሰ ሁሉ ተከፋፈለ።

በሣልስቱ ድንኳን ውስጥ ሰው ተቀምጦ ሲያስተዛዝን አንድ ሽማግሌ በረጅሙ ተነፈሰ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ምስኪን፣ ደብቃ ደብቃ ራሷን በላች" አለ። የሰማው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ነው፤ የሞተ ሰው አይከራከርምና ጥፋቱ ይጫንበታል።

ይርዳው ከተቀመጠበት ተነሣ። "አልደበቀችም" አለ። "ልትነግረኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋትም። እሷ አልደበቀችም፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።"

 ይርዳው በዕድሜው ሙሉ ከተሟገተው ሁሉ እውነተኛው ይህ ነበር። ባለጉዳይዋ ግን ከአፈር በታች ነበረችና አልሰማችውም።

መምሬ እንግዳ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። በከንቱ ሊያጽናኑት አልሞከሩም። "እኔም ከአንተ ጋር እጠየቅበታለሁ፣ ልጄ" አሉት። "አንተን ሰምቼ እሷን የሰማሁ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ከቤታችሁ ወጣሁ። በሠርግህ ቀን ራስ ነህ ስልህ፣ ጆሮም ያለው ራስ ላይ መሆኑን መጨመር ነበረብኝ።"

ወገኖቼ፣ ራስነት ስለ ሌላው መናገር ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ጌታ የቤተ ክርስቲያን ራስ ነው፤ የሰውን ልብ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ዓይነ ስውሩ ወደ እሱ ሲመጣ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው። ያቺ ለብዙ ዓመት ደም ይፈሳት የነበረች ሴት ልብሱን የነካች ዕለትም ሕዝቡ እየተጋፋው ቆመና እውነቷን ሁሉ እስክትነግረው ጠበቃት። አብርሃምንም የሣራን ቃል እንዲሰማ ያዘዘው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ሁሉን የሚያውቀው ከጠየቀ፣ አጠገባችን የተኛችውን እንኳ የማናውቀው እኛ በምን ድፍረት ሳንጠይቅ እንመልሳለን? ሚስትን መውደድ ማለት ራስን አሳልፎ መስጠት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ስጦታ ሥራን አስቀምጦ ቀና ማለት ነው።

አንቺም እህቴ፣ መታዘዝና ዝም ማለት አንድ አይደሉም። ረዳት ሆና የተሰጠች ሴት አንደበቷን ከዘጋች በምን ትረዳለች? ቀና ባይልልሽም በሩ ላይ "እሺ" ብለሽ አትመለሺ፤ ግቢና ተቀመጪ። ይህን የምለው የይርዳውን ጥፋት ለትርንጎ ለማካፈል አይደለም። እሷ ቀድሞውንም ከድርሻዋ በላይ ከፍላለች።

አንተስ ወንድሜ፣ ሰው ስለ ሚስትህ በጠየቀህ ቁጥር "ደህና ናት" ትላለህ። ለመሆኑ መቼ ጠይቀሃት ነው?