ያልታጠነ ቀፎ

«ቀፎ እንጂ ንብ ያልነበረው አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ይትባረክ፣ ከቤታቸው ደፍ ላይ እንደተቀመጡ።

ጠያቂያቸው ትርንጎ ነበረች። በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ አሁን የላቦራቶሪ ትምህርቷን ጨርሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልግ ኖራለች። ሀያ ሰባት ቦታ አመልክታለች። የሀያ ስምንተኛው ማመልከቻ የመጨረሻ ቀን ነገ ነው፤ ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ ታስገባው ወይስ ትቅደደው አታውቅም። «የኔታ፣ ልብ ሲያልቅ ከየት ይገኛል? ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› እንዳይሉኝ ብቻ፤ እሱን ጠግቤዋለሁ» ነበር ያለቻቸው። እሳቸውም ስለ እንቁላል አላወሩም፤ የቀፎውን ሰው ታሪክ ቀጠሉላት።

ሰውየው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበርና መሬት አልደረሰውም። ከታላቅ ወንድሙ ቤት ይኖራል፤ ከወንድሙ ገበታ ይበላል። ክፉ የተናገረው የለም። የወንድሙ ሚስት እንዲያውም «ጨምር እንጂ» ትለዋለች። ያቺን «ጨምር» ሲሰማ ግን እጁን ከገበታው ይሰበስባል፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግነትም ይከብደዋል።

በአገሩ፣ ከወንዙ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበረ። የአገሩ ሰው ሁሉ ቀፎውን የሚሰቅለው እሱ ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱም አንዳንድ ቅርንጫፍ ተመድቦለታል። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። ሦስት መስከረም ባዶውን የቆየ ቀፎ ይወርዳል፤ ቅርንጫፉም ለሌላ ይሰጣል። ሰውየው ከዚያች ቅርንጫፍ በቀር የእኔ የሚለው ነገር አልነበረውም።

በመጀመሪያው ዓመት ቀፎውን በሸምበቆ ሠራ፤ በጭቃና በእበት ለቀለቀው፤ ንብ መልካም ሽታ ትወዳለችና ወይራና ጥንጁት አጭሶ ሆዱን አጠነው። ሰቀለው፤ ጠበቀ። መንጋው እያዜመ በላዩ አልፎ የጎረቤቱ ቀፎ ገባ። በሁለተኛው ዓመትም አጠነ፣ ሰቀለ፣ ጠበቀ፤ አሁንም አለፉት። ይህን ልብ በይ፤ በነዚህ ሁለት ዓመታት ሰውየው አንዳች ጥፋት አልነበረበትም። ንብ መንገዷን ለማንም አትነግርም።

ሦስተኛው መስከረም ሲመጣ ግን ደከመው። «ባጥንስ ምን ተረፈኝ?» አለ። ቀፎውን አላወረደም፣ አላጸዳም፣ አላጠነም፤ ክረምቱን እንደከረመ እዚያው ተወው። ሰው ሲጠይቀው «ሰቅያለሁ» ይላል። ውሸትም አልነበረም፤ ተሰቅሏል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከዋንዛው ሥር ጋደም አለ። ነፋሱ ለስላሳ ነበር፤ የወንዙ ድምፅና የንቦቹ ድምፅ ተደባልቀው አንድ ሆኑበት፤ እንቅልፍ ወሰደው። በሕልሙ ንብ ሆነ። ቀለለው፤ ክንፉ ብርሃን ያሳልፋል፤ እግሩ ላይ የአበባ ብናኝ አለ። ከመንጋው ቀድሞ ቤት እንዲፈልግ የተላከ ቃኚ ነበርና ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየበረረ በየቀፎው አፍ ላይ ያርፍ ጀመር። ከአንዱ ሲደርስ ሸረሪት አድርታበታለች። ውስጡ የሻገተ ጭቃ ይሸታል፤ ጉንዳን ይርመሰመሳል። «ይሄስ ባለቤቱ የተወው ቤት ነው» ብሎ ዞሮ በረረ። ራቅ ብሎ ሲያየው ቀፎው የራሱ ነው።

ነቃ። ቀና ቢል በእውን ሁለት ንቦች ከቀፎው አፍ ላይ አርፈው፣ ወዲህ ወዲያ ብለው ሄዱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰማይ ሰማዩን እያየ መንጋውን ሲጠብቅ፣ ከመንጋው በፊት የሚላኩትን እነዚህን ትንንሾች አንድም ቀን ልብ ብሏቸው አያውቅም። «ለካ ይመጡ ነበር» አለና አለቀሰ።

ወዲያው ዛፉ ላይ ወጣ፤ ቀፎውን በገመድ አወረደው። ጎረቤቱ አይቶ ሳቀበት። «አንተ ሰው፣ መስከረም ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ሰውየው ግን ድሩን ጠረገ፤ ስንጥቁን ለቀለቀ፤ ወይራውን አቀጣጠለ። ቀፎው እንደ መጀመሪያው ዓመት እስኪሸት ድረስ አጠነው፤ መልሶ ሰቀለው። ማታ ከወንድሙ ገበታ ሲቀርብ ልብሱ ጥንጁት ጥንጁት ይል ነበር። «ጨምር እንጂ» ስትለው ጨመረ።

የኔታ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። ትርንጎ አላስቻላትም። «ንቡስ ገባ?»

«ገባ። የአገሩ ሽማግሎች እንደ ደንቡ ቀፎውን ሊያወርዱ ገመድ ይዘው ሲመጡ ቅርንጫፉ እያዜመ ጠበቃቸው። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ልብ ከየት ይገኛል ብለሽ ነው። ልብ ከንቡ አልመጣለትም። እራቱን ጠግቦ የበላው ንቡ ሳይገባ ነው።»

ወደ እሷ ዞሩ።

«ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ ቀፎውም ማመልከቻሽ። ሀያ ሰባት ቦታ እምቢ አሉኝ ትያለሽ፤ አራቱ ግን፣ ራስሽ እንደነገርሽኝ፣ ለፈተና ጠርተውሽ ነበር። እነሱ ቃኚዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ የሚያየኝ የለም አትበዪ። መንጋው የት እንደሚያርፍ ያንቺ ፋንታ አይደለም፤ አልፎሽ ቢሄድም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ማጠኑ ግን ያንቺ ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። «የመጨረሻዎቹን ማመልከቻዎች እንዴት አድርገሽ ነው የጻፍሻቸው?»

ትርንጎ አቀረቀረች። የመጨረሻዎቹ አምስቱ አንድ ደብዳቤ ነበሩ፤ በአንዱ ላይ እንዲያውም የሌላ መሥሪያ ቤት ስም ሳይቀየር ሄዷል።

«ሰቅያቸዋለሁ» አለች ቀስ ብላ።

የኔታ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። «በይ ያን ወረቀት አውጪው» አሏት። «ጀምበር ገና አልጠለቀችም፤ እናጥነዋለን።»