ቀይ ክር የታሰረባቸው ቀፎዎች

አንድ ንብ አርቢ ነበረ።

ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ ተቀመጥ። የካንሰር ታማሚ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው ከደሙ አይቶ የሚናገር ምርመራ ክፍላችሁ ገብቷል። አንዲት የካንሰር ታማሚ ሆስፒታል አስተኝተሃል፤ የደሟ ውጤት መጥፎ ሆኖ መጣ። መድኃኒቱ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። «ለእሷ ልጀምርላት ወይስ ውጤቱ ደህና ለሆነ ሰው ላቆየው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ቀጥለህም «ፕሮፌሰር፣ ምርመራው እኮ እስካሁን አንድም ጊዜ አልሳተም» አልኸኝ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ የንብ አርቢውን ነገር ስማ። ተማሪዬ ሳለህ እኔ ሳስተምር ካንቀላፋህበት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው።

ሰውዬው ሠላሳ አንድ ቀፎ ነበረው። ከአባቱ ሲረከባቸው ከአርባ በላይ ነበሩ። ሰነፍ አልነበረም፤ ጠጪም አልነበረም። ቀፎዎቹ ግን ከዓመት ዓመት እየተመናመኑ ሄዱ፤ ምን እንዳገኛቸው ሊገባው አልቻለም። በዚሁ ከቀጠለ ለልጆቹ የሚያወርሰው ባዶ መደርደሪያ መሆኑ ነው።

ለንብ ክፉው ጊዜ ክረምት ነው። ዝናቡ አያስወጣም፤ ቢያስወጣም አበባ የለም። ንቧ ያጠራቀመችውን ማር እየበላች መስከረምን ትጠብቃለች። አቅም ያነሰው ቀፎ አደይን ሳያይ ያልቃል።

በዚያ አገር አንድ ማር ቀማሽ ሽማግሌ ነበሩ። ሰኔ ሲገባ በየንብ አርቢው ቤት ይዞራሉ። ከእያንዳንዱ ቀፎ በጣታቸው ጫፍ ትንሽ ማር ያነሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ያጣጥማሉ። «ንቦችህ ዘራቸው አንድ ነው፤ ማራቸው ግን ያለፉበትን ይናገራል» ይሉ ነበር። የትኛው ቀፎ ድርቅ እንደመታው፣ የትኛው ጢስ እንደበዛበት፣ የትኛው ከቦታው ተነቅሎ እንደተንከራተተ ያውቃሉ። ከዚያም ክረምቱን አይወጣም ባሉት ቀፎ ላይ ቀይ ክር አስረው፣ የቀረበላቸውን ጠላ ጠጥተው ይሄዳሉ።

መስከረም ሲጠባ ንብ አርቢው ክር የታሰረባቸውን ይከፍታል። ሁሉም ባዶ ናቸው። በየዓመቱ፣ አንድም ሳይቀር። «የእኚህ ሰው ምላስ የሰው ምላስ አይደለም!» እያለ እጁን በአፉ ላይ ይጭናል። ሄዶም ሁሉም ማለቃቸውን ይነግራቸዋል። በለቅሶም በሠርግም ያወራው ይህንኑ ነው። የሽማግሌው ዝና ወንዝ ተሻገረ።

ንብ አርቢው ለማንም ያላወራው ደግሞ አለ። መደበቁ አልነበረም፤ ሊወራ የሚገባው ነገር አልመሰለውም። ሽማግሌው ክሩን አስረው እንደሄዱ፣ በዚያው ቀን፣ ኩበት ያጨስና ክር የታሰረባቸውን ቀፎዎች ማር እስከ ወለሉ ይቆርጠዋል። ሌላ ጊዜ ለንቡ የሚተወውን እንኳ ሳያስቀር ጠርጎ ያወጣዋል። «ለማይተርፍ ንብ ማር ትቼ ከእሱ ጋር ይሻግት?» ይላል። ሐምሌ ላይ በሶ በማር ለውሶ ለንቦቹ ሲያድልም ክር ያለበትን አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ጭካኔ አልነበረበትም። በሶው ጥቂት ነው፤ ለሚተርፈው ይሁን ብሎ አስልቶ ነው። እንዲያውም ራሱን እንደ ብልህ ይቆጥር ነበር፤ ጎረቤቶቹም እሱን እያዩ እንደዚያው ያደርጉ ጀመር።

አንድ ዓመት ሽማግሌው በዘጠኝ ቀፎዎች ላይ ክር አሰሩ። ከዘጠኙ አንዱ አባቱ በገዛ እጃቸው ጭቃና እበት የለጠፉት የአጥሩ ሥር ቀፎ ነበር። ንብ አርቢው ቢላዋውን ቢያነሳም የዚያን ቀን ዝናቡ ቀደመው፤ ቆረጣውን ለነገ አሳደረው። በማግስቱ የሚያፈሰውን የቤቱን ክዳን ሊደፍን ወጣና ተንሸራቶ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረለትና «ጳጉሜን ሳታይ እንዳትቆም» ብሎት ሄደ።

ከመደቡ ላይ ሆኖ ሚስቱን «ክር ያለባቸውን ማራቸውን ቁረጪልኝ» አላት።

«ማር መቁረጥ የወንድ ሥራ ነው ስትሉ ኖራችሁ፣ ዛሬ የእኔ ሆነ?» አለችው።

«እንግዲያው ጎረቤት ጥሪ።»

«በሰኔ ማን እርሻውን ጥሎ ይመጣልሃል? ይልቅ እግርህን አታንቀሳቅስ።»

ማሩ ሳይቆረጥ ቀረ። በሶ መስጫው ሲደርስ ደግሞ «ለታሰሩት አትስጪ፤ ብክነት ነው» አላት። «እሺ» አለችው። ክርክር ስለማትወድ ነው እሺ ያለችው። ከውስጡ ድምፅ የሚሰማውን ቀፎ አልፋ መሄድ ግን አልሆነላትም። ለሁሉም እኩል አደረገች።

መስከረም ላይ በምርኩዝ ወደ ጓሮ ወጣ። ወደ ታሰሩት ቀፎዎች ያመራው የሚያገኘውን አውቆ ነው። የመጀመሪያውን ከፈተ፤ ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛው አፍ ላይ ግን ንቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመዋል። ቀፎ የተሳሳተ መስሎት ክሩን በጣቱ ዳሰሰው። ክሩ አለ። ሁሉንም አይቶ ሲጨርስ ከዘጠኙ አምስቱ አልቀዋል፣ አራቱ በሕይወት አሉ። የአባቱ ቀፎ ካለቁት ነበር። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አለ። ለአባቱ ቀፎ አለቀሰ፤ እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ስለ አራቱ ማሰብ ጀመረ። አስቦ አስቦም ተናደደ። እኚህ ሽማግሌ ሲያሞኙኝ ኖሩ ብሎ፣ እያነከሰ እሳቸው ቤት ድረስ ሄደ።

«አባቴ፣ ዘንድሮ ስተዋል» አላቸው ገና ከደጃፉ። «ካሰሯቸው ከዘጠኙ አራቱ ይኸው አሉ።»

ሽማግሌው አላፈሩም፤ ተገረሙ እንጂ። «አራት? ምን አድርገህላቸው ነው?»

«ምንም። እግሬ ተሰብሮ ማራቸውን ሳልቆርጥ ቀረሁ፤ ሚስቴም እሺ ብላኝ ለካ በሶ ስትሰጣቸው ኖራለች፤ ዛሬ ነገረችኝ።»

«ሌላ ጊዜ ትቆርጥባቸው ነበር እንዴ?»

«ያው አይተርፉም ብዬ ነዋ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ስንት ዓመት?»

ንብ አርቢው በልቡ ቆጠረ። «አሥራ ሁለት» አለ፤ ቁጥሩን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ።

«በየመስከረሙ እየመጣህ ሁሉም አለቁ ስትለኝ እኔ በምላሴ እኮራ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እኔ የቀመስኩት መድከማቸውን ነው። ቢላዋህን አልቀመስኩም። ለመሆኑ ክር ያሰርኩበትን ቀፎ ምን አድርገው አልኩህ?»

«ምንም አላሉኝም።»

«አዎ፣ ምንም አላልኩህም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የአንተን አንተ ታውቀዋለህ።»

ንብ አርቢው ወደ ቤቱ ተመለሰ። በቀጣዩ ሰኔ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው መጥተው ሰባት ቀፎ ላይ ክር አሰሩ። ሰውዬው በታሰሩት ውስጥ ለንቦቹ የሚሆን ማር ተወላቸው፤ በሶውንም ከእነሱ ጀመረ። ያም ሆኖ ከሰባቱ ያለቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን «የእኚህ ሰው ምላስ አይስትም» ሲል የሰማው የለም። ቀፎዎቹም መመናመናቸው ቆመ።

የእነሱ ነገር ይኸው ነው። ወደ አንተ ልመለስ።

በምርመራው የምትፈልጉት ኤፒጄኔቲክ የምትሉትን ምልክት ነው። የዘረመሉ ፊደል አይለወጥም። ዕድሜው፣ ሲጋራው፣ ጉስቁልናው፣ ዕጢው ራሱም በፊደሉ ላይ ምልክት ያኖራሉ፤ በምልክቱም የተነሳ አንዱ ይነበባል፣ አንዱ ይዘለላል። ንቦቹ አንድ ዘር ሆነው ማራቸው እንደተለያየው ማለት ነው። ከንቱ ነገር ነው ብዬ እንዳላጣጣልሁት ልብ በል። ከዘጠኙ አምስቱ በእርግጥ አልቀዋል፤ ሽማግሌው ውሸታም አልነበሩም። ነገር ግን ደሙ የሚነግርህ ታማሚው ደም በተቀዳበት ቀን የት እንደቆመ ነው። ከዚያ በኋላ አንተ የምታደርገው በደሙ ውስጥ የለም። ሴትዮዋ ስትጠይቅህም ውጤቱን አትደብቃት፤ ከባድ መሆኑን ንገራት። መድኃኒቱ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ደግሞ እጥረቱን እጥረት በሉት፤ ተቀምጣችሁ ተከራከሩበት። በአንድ ወረቀት አታሳብቡ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። አልሳተም ካልኸኝ ምርመራ ውጤታቸው መጥፎ ከሆነባቸው ታማሚዎች መካከል መድኃኒቱን ሳታቋርጡ የሰጣችኋቸው ስንት ናቸው?

ምን አልህ? ጮክ በል፤ ጆሮዬ አርጅቷል።

አንድም?

እንግዲያው ምርመራው ይሳት አይሳት አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ያለቁትን ሰዎች በሽታው ይሁን እናንተ የጨረሳችኋቸው፣ ከእንግዲህ የሚለይልን የለም። ተነስና ለሴትዮዋ መድኃኒቷን ጀምርላት።