የነሐሱ ንጉሥ ፊት

በፊታውራሪ ጓንጉል ችሎት፣ ሦስት ምስክር ካቆመ ሰው ይልቅ የፊታውራሪ አበልጅ የሆነ ሰው ይረታ ነበር። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን አልነበረም። ዝምታውም ጨዋነት ይባል ነበር።

አንድ ጊዜ ለአዳራሻቸው መሠረት ሲያስቆፍሩ የጥንት ንጉሥ ፊት ያለባቸው የነሐስ ሳንቲሞች ወጡላቸው። የነሐስ ዕቃ በማጽዳት የምትተዳደር አንዲት ባልቴት አስጠርተው፣ "ለበዓል እንግዶቼ አሳያቸዋለሁና እንደ ወርቅ አብሪያቸው" ብለው ሰጧት።

ሴትዮዋ ሳንቲሞቹን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋ አፈሩን በላባ አስለቀቀች፤ በፀሐይ አድርቃም ስስ ሰም ቀባቻቸው። አረንጓዴው ዝገት ግን እንዳለ ነበር።

ፊታውራሪ ይህን ሲያዩ በጣም ተቆጡ። ችሎት ላይ አቁመው፣ "አንቺ! ይህን አረንጓዴ በአሸዋ ፈትገሽ ማንሳት አቃተሽ? አጥጋቢ ምክንያት ካላመጣሽ ቤትሽን እወርሰዋለሁ!" አሏት።

"ጌታዬ፣ በአሸዋማ ብፈትገው ከዝገቱ ጋር የንጉሡም ፊት ይጠፋል።"

"ቢጠፋስ? አንቺን ምን ቸገረሽ?"

"ኧረ ቸግሮኝ ነው እንጂ! እርስዎ ፊት አይተው የሚፈርዱ ጌታ ነዎት። ታዲያ ይህን ምስኪን ንጉሥ ፊቱን አጥፍቼ እንዴት ችሎትዎ ላቅርበው?"

ሕዝቡ በኩታው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ፊታውራሪም ቤቷን ቢወርሱ ቃሏን ማጽናት ሆነባቸው። አንገታቸውን እንደ ደፉ፣ "ሂጂ፣ ቤትሽ ላንቺ ይሁን" አሉ።

ፊት ሳያዩ የፈረዱት ያን ቀን ብቻ ነው።