የሉባባን ፊት ለማየት

ስሙኝማ፤ ጦይባ የፈለገችው ነገር ትንሽ ነበር። የእህቷን የሉባባን ፊት አንድ ጊዜ ማየት፣ በቃ።

እህትማማቾቹ ወሎ ውስጥ፣ ገደራ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ቤት አብረው ያረጁ ናቸው። ጦይባን የዓይን ሞራ ከጋረዳት ዓመታት አልፈዋል። ሉባባ ደግሞ ጉበቷን ታማ አልጋ ይዛለች፤ አትድንም ተብሏል። ጦይባ አጥሚት በማንኪያ ስትሰጣት አፏን የምታገኘው በጣቷ ዳብሳ ነው። አንድ ቀን ጉንጯን ስትዳብስ አጥንት ብቻ ሆነባት።

«ሉባባ፣ መልክሽ ጠፋኝ» አለች።

«ሂጂና ታከሚ። እኔ እጠብቅሻለሁ።»

ጦይባ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። «ልጄ፣ ይሄን ሞራ አውጣልኝ» አለችው።

ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት አየ። «እማማ፣ የዓይን ሌንስ ውስጡ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኖቹ ተራቸውን ጠብቀው ሳሉ ብርሃን ያሳልፋሉ። የእርስዎ ግን እርስ በርስ ተጣብቀው ጓጉለዋል። የእንቁላል ነጭ ሲበስል እንደሚነጣው ማለት ነው።»

«መልሰህ አታጠራውም?»

«የበሰለ እንቁላል ጥሬ አይሆንም። አውጥቼ ሌላ ሌንስ እተካለሁ። ግን ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል፤ አሁን ኦፕራሲዮን ባደርግዎ ቁስሉ ያመረቅዛል። መጀመሪያ እሱ ይውረድ።»

ስኳሩ ካልወረደ ሐኪሙ ሞራውን አያወጣም፤ ሞራው ካልወጣ ጦይባ የእህቷን ፊት አታይም።

ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። «ኢንሱሊኑን በየቀኑ እወጋለሁ፤ ስኳሬ ለምን አልወርድ አለ?» ብላ ሲስተር መኪያን ጠየቀቻት። መኪያ ብልቃጡን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አነሳችው። እንደ ውሃ መጥራት የነበረበት መድኃኒት ደፍርሷል። ድምጿ ወረደ።

«ተበላሽቷል፣ እማማ። ኢንሱሊንም ፕሮቲን ነው። ሙቀት ሲመታው የተጣጠፈው ቅርጹ ይፈታል፤ የተፈታው ጎረቤቱን ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስተኛውን ይይዛሉ፣ እንዲህ እያለ ክር ይሠራል። አንዴ ከተያያዘ አይላቀቅም። ሌላ ያስፈልግዎታል።»

አዲስ ኢንሱሊን ካልመጣ ስኳሩ አይወርድም፤ ስኳሩ ካልወረደ ሐኪሙ ሞራውን አያወጣም፤ ሞራው ካልወጣ ጦይባ የእህቷን ፊት አታይም።

«ሌላውን ስጪኛ!»

«ያለን ሁሉ እንደዚሁ ሆኗል። ማቀዝቀዣው ካልቀዘቀዘ አዲስ አይልኩልንም። እሱን ደግሞ የመብራት መጥፋት ነው የገደለው፤ በቀደም ከመታን አውሎ ነፋስ ወዲህ መብራት አልመጣም» አለች መኪያ።

መብራት ካልመጣ ማቀዝቀዣው አይቀዘቅዝም፤ ማቀዝቀዣው ካልቀዘቀዘ አዲስ ኢንሱሊን አይመጣም፤ ኢንሱሊን ካልመጣ ስኳሩ አይወርድም፤ ስኳሩ ካልወረደ ሐኪሙ ሞራውን አያወጣም፤ ሞራው ካልወጣ ጦይባ የእህቷን ፊት አታይም።

መንገዱን በበትሯ እየነካካች የመብራት ሠራተኛውን ቶፊቅን ፈልጋ አገኘችው። «ምሰሶው ላይ ውጣልኝ» አለችው።

«እናቴ፣ ነፋሱ ያዘመመው ዋንዛ ሽቦው ላይ ተጋድሟል። ዛፉ ካልተቆረጠ አልወጣም፤ ይገድለኛል። ባለቤቱ ይማም ደግሞ ቅጠሉንም አላስነካም ብሏል።»

ዛፉ ካልተቆረጠ ቶፊቅ አይወጣም፤ ቶፊቅ ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ማቀዝቀዣው አይቀዘቅዝም፤ ማቀዝቀዣው ካልቀዘቀዘ አዲስ ኢንሱሊን አይመጣም፤ ኢንሱሊን ካልመጣ ስኳሩ አይወርድም፤ ስኳሩ ካልወረደ ሐኪሙ ሞራውን አያወጣም፤ ሞራው ካልወጣ ጦይባ የእህቷን ፊት አታይም።

ይማም ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ገና ሳትናገር «ለዛፉ ከሆነ የመጣሽው ተመለሺ» አላት። «ሰአዳ ናት የተከለችው፣ ልጄ። ዓረብ አገር ልትሄድ ተነስታ ባሕር በላት። የማለቅስበት መቃብር እንኳ የለኝም። ያለኝ ይሄ ዋንዛ ነው።»

 ጦይባ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። 

«መልኳ እንዴት ነበር?» አለችው።

«ጠይም ናት። ግንባሯ ላይ ጠባሳ አላት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር፤ ጥርሷ ወጣ ያለ ስለሆነ ታፍራለች።»

«አንተ ታውቃታለህ፣ ወንድሜ። የኔ እህት አለች፤ ትተነፍሳለች፤ እጄ ላይ ናት። መልኳን ግን አላውቀውም። ሳትሞትብኝ ልያት ብዬ ነው።»

ይማም ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። ሲወጣ መጥረቢያ ይዞ ነበር። ማንንም አላስጠጋም፤ ራሱ ቆረጠው። እያለቀሰ እንደሆነ ጦይባ ከትንፋሹ ሰማች። የመጨረሻው ቅርንጫፍ እስኪወድቅ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ዛፉ ሲቆረጥ ቶፊቅ ወጣ፤ ቶፊቅ ሲወጣ መብራት መጣ፤ መብራት ሲመጣ ማቀዝቀዣው ቀዘቀዘ፤ ማቀዝቀዣው ሲቀዘቅዝ አዲስ ኢንሱሊን መጣ፤ ኢንሱሊኑ ሲመጣ ስኳሩ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሉባባም ቀስ እያለች መነመነች። ስኳሩ ሲወርድ ሐኪሙ ሞራውን አወጣ፤ ሞራው ሲወጣ ጦይባ ሮጣ ወደ ቤቷ ገባች።

አልጋው ላይ አንዲት ትንሽ አሮጊት ተኝታለች። ጦይባ በሩ ላይ ቆመች። አላወቀቻትም።

«ምነው ቆምሽ? እኔ እኮ ነኝ» አለች አሮጊቷ፤ ድምፁ የሉባባ ነበር። «አርጅቻለሁ፣ አይደል?»

«አርጅተሻል።»

«አንቺስ ብትሆኚ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ጦይባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ አየቻት፤ ሉባባም ዓይኗን ሳትነቅል እንድታያት ፈቀደችላት።

ሳምንት ሳይሞላ ሉባባ ሞተች። አስከሬን አጣቢዎቹ ሴቶች መጥተው «ጦይባ፣ አንቺ ውጪ ቆዪ፤ አትችይውም» አሏት። እሷ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። የሉባባን ፊት ያጠበችው እሷ ናት፤ ቀስ ብላ፣ እያየች።